የንፋሱ ሌባ ማን ነበር?

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ በአንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ደጃፍ ሳልፍ፣ ከውስጥ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ምስሉ ጠፍቶበት «ሽሽሽ» ሲል ሰማሁና እግሬ ቆመ። ያ ድምፅ በአንድ ጊዜ ወደ ልጅነቴ መልሶ ላሊበላ፣ የእትዬ ዘውዴ ቤት ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀመጠኝ፤ ጉልበቴን አቅፌ፣ ወንድሜ ሙሉቀን በክርኑ እየጎሰመኝ፣ አስራ አራት አስራ አምስት የሰፈር ልጆች ከኋላችን ተጨናንቀው፣ ሁላችንም ምስሉ እስኪመለስ ትንፋሻችንን ውጠን። ጠጋኙ «ምን ልርዳሽ እህቴ?» ሲለኝ ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

እትዬ ዘውዴ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ስድስት ክፍል ሠርተው አልጋ ያከራዩ ነበር። ቴሌቪዥኑና ዲሹ ቤሩት ከምትሠራው ልጃቸው ከሰናይት በመጣ ገንዘብ የተገዙ ናቸው። ዲሹን የሚተክለው ሰው ከወልድያ መጥቶ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ግማሽ ቀን ሙሉ ወዲህና ወዲያ ሲያዞረው ውሎ፣ በመጨረሻ ጥርት ብሎ የገባለት አንድ የዓረብ ጣቢያ ብቻ ሆነ። እትዬ ዘውዴም «ግድ የለም፣ ልጄም ያለችው እዚያው አገር ነው» ብለው ተቀበሉት፤ እኛም ተቀበልነው። ያ ጣቢያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ በአስር ሰዓት፣ አንድ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ያሳይ ነበር።

አንድም ቃል አይገባንም። ከመካከላችን ዓረብኛ የሚያውቅ አልነበረም፤ ፊልሙን ማየት የጀመርነውም ከመሃሉ ነው። ስለዚህ ሰዎቹን ሁሉ ራሳችን ክርስትና አነሳናቸው። ቀይ ፀጉር ያላትን ልጅ «ቀዮ» አልናት፤ ነጭ ጺም ያለውን፣ እያነከሰ የሚሄደውን ሽማግሌ «አያ ወፍጮ»፤ ሁልጊዜ የምትስቀውን ወፍራም ጋጋሪ «ባለዳቦዋ»። ከተማቸው የንፋስ ወፍጮ የሞላበት ነበር። የንፋስ ወፍጮ አይተን ስለማናውቅ፣ እኔ ለረጅም ጊዜ ያን ክንፋም ቤት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የሚሽከረከረውም መስቀሉ ነው ብዬ አምን ነበር። በየጊዜው ጭንቅላቱን በጆንያ የሸፈነ ሰው ብቅ ይልና የያዘውን ሌላ ትልቅ ጆንያ ከፍቶ ንፋሱን ጠቅልሎ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ወፍጮዎቹ ቀጥ ይላሉ፣ የተሰጣው ልብስ ዝልፍልፍ ይላል፣ የከተማው ሰው እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይጮኻል። ሌባውን «ጆንያው» አልነው። ከጆንያው ስር ያለው ፊት የማን ነው? ዓመቱን ሙሉ የበላነውና የጠጣነው ይህንኑ ጥያቄ ነበር።

ያ ክረምት ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ክርክሩ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆም አልሆነም። ዝናቡ ሲበረታ ምስሉ ይጠፋል፤ ምስሉ ሲጠፋ ደግሞ ያላየነውን እያንዳንዳችን በየፊናችን እንሞላዋለን። ከእኔ ሁለት ዓመት የሚበልጠው ሙሉቀን ሌባዋ ባለዳቦዋ ናት ብሎ ተነሳ። ማስረጃው ጆንያው ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ ነው። «ዱቄት ነው! ዱቄት ከጋጋሪ ሌላ ማን ላይ ይኖራል? ደግሞ ከተማው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ብቻ ትስቃለች» ይላል። እኔ ደግሞ «ዱቄት ከዳቦ ቤት በፊት ያለው ወፍጮ ቤት ነው» ብዬ አያ ወፍጮን ከሰስኩ። የእኔ ዋና ማስረጃ ግን ሌላ ነበር፤ ጆንያው ሲመጣ የከተማው ሰው ሁሉ «ሪህ! ሪህ!» እያለ ይጮህ ነበር። ከፊልሙ ውስጥ የገባኝ ብቸኛ ቃል ይህ ነው። ሪህ ያለበት፣ እያነከሰ የሚሄድ ደግሞ አያ ወፍጮ ብቻ ነው። «እያወቁት ነው፣ ‹ያ ሪሃሙ መጣ› እያሉ ነው» ስል ግማሹ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። ሙሉቀን በዚያ ቀን አኮረፈኝና ለአንድ ሳምንት ያህል የምንነጋገረው በእናታችን በኩል ብቻ ሆነ። እናቴም ሰልችቷት «እናንተ ልጆች፣ የማታውቁት አገር ሰው ቤቴን ሊያፈርሰው ነው» ትል ነበር።

አባታችን የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ግቢያችን ውስጥ ካለችው ዛፍ ስር ተቀምጠው ሲማሩ፣ አንዱን ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ሲተረጉሙ ስንሰማ ነው ያደግነው። ቴሌቪዥን ማየትን የፈቀዱልን የዕለቱን ንባብ ከጨረስን ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን የእትዬ ዘውዴን ደጃፍ ለዚያ ነገር ረግጠው አያውቁም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከአሸተን ማርያም የወረዱ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጉልበታቸው ታሞ ቁልቁለቱ ስላደከማቸው እኛ ቤት አረፉ። ከአባቴ ጋር ተቀምጠው ሲጨዋወቱ፣ እኔና ሙሉቀን ከመስኮቱ ስር እንደ ልማዳችን እንጨቃጨቅ ነበር። እንግዳ መኖሩን አላወቅኩም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አትዋሽ! ሌባው ያ ነጭ ጺም ያለው ሪሃም ሽማግሌ ነው! በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!» አልኩ።

ከቤት ውስጥ የአባቴ ድምፅ ተሰማ፤ «አስካል! ነይ ወዲህ።»

ገባሁ። ነጭ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ መነኩሴ፣ ያበጠ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው ያዩኛል። መሬቱ ቢከፈት ደስ ባለኝ።

አባቴ ፊታቸው ጠቁሮ «የትኛውን አባት ነው የምትሰድቢው?» አሉ።

መነኩሴው ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸውና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ቆይ፣ ምን ሰረቅኩ ልጄ?» አሉኝ።

«ንፋስ» አልኩ።

«ንፋስ!» አሉ መነኩሴው። ቀስ ብለው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ። «ምነው በሰረቅኩት! አሸተን ላይ ያለውን ንፋስ ብወስድላቸው መነኮሳቱ ሁሉ በመረቁኝ ነበር፤ ብርዱ እኮ አጥንት ይሰብራል።»

አባቴም ሳይወዱ ሳቁ። ነገሩን ከእኔም ከሙሉቀንም በየተራ እንድናስረዳቸው አዘዙን፤ ወፍጮውን፣ ዱቄቱን፣ ሪሁን፣ ሁሉንም። ጉባኤ እንደሚሰሙ ሆነው ጺማቸውን እያሻሹ አዳመጡ። ስንጨርስ አባቴ እንዲህ አሉኝ፤ «አንቺ ‹ነው› ብለሽ ዘጋሽው። ፊቱን ሳታዪ አትዝጊው። ‹አንድም አያ ወፍጮ ነው› በዪና ለወንድምሽ ቦታ ተይለት። እሱም ‹አንድም ባለዳቦዋ ናት› ይበልና ላንቺ ይተውልሽ።» ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈራችን ልጆች በሙሉ ስለ ካርቱን ሲከራከሩ «አንድም» እያሉ ሆነ። አባቴም ማታ ማታ ራት ላይ እንደዋዛ «ለመሆኑ ዛሬ ተሰረቀ?» ብለው ይጠይቁን ጀመር።

መስከረም ጠባ፣ አደይ አበባው ገደሉን ሁሉ አለበሰው፣ እኛም ወደ ትምህርት ቤት ተመለስን። ጥቅምት ሲገባ ሰናይት ከቤሩት መጣች። ትመጣለች ተብሎ አልተጠበቀም፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል ይባል ነበር። ጎረቤቱ «እንኳን ደህና መጣሽ» ሊል ሲጎርፍ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ አንገቷን እየነቀነቀች ተቀበለችና ከቴሌቪዥኑ ክፍል ቀጥሎ ካለችው ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ አልወጣችም። እትዬ ዘውዴ ለጠየቃቸው ሁሉ «ደክሟት ነው፣ የመንገድ ድካም ነው» ይሉ ነበር፤ ሳምንቱ ሲደጋገም ግን ያ ሰበብ እያለቀባቸው መጣ። አንድ ቀን ለእናቴ በአጥሩ ላይ «ለእኔ እንኳ አፏን አልከፈተችልኝም» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። እኛ ልጆች ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርገን፣ ሹክሹክታም ሳናበዛ እንድናይ ታዘዝን። ዓረብኛ የምታውቅ ሰው ከግድግዳው ማዶ መቀመጧ ያቃጥለን ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃታል?

ኅዳር ላይ፣ በአንደኛው ቀን፣ ጆንያው መጥቶ ንፋሱን ሲጠቀልል ሰዉ እንደ ልማዱ «ሪህ! ሪህ!» አለ፤ በዚያው ቅጽበት አያ ወፍጮ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። እኔ ትእዛዙን ረስቼ ብድግ አልኩ። «አያችሁ! አያችሁ አይደል! ሪሃሙ ራሱ ነው! በስሙ ነው የሚጠሩት!»

ከጓዳው በኩል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የሻከረ ድምፅ መጣ፤

«ሪህ ማለት ንፋስ ነው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ዘውዴ በር ላይ ቆመው የአልጋ አንሶላ ያጥፉ ነበር፤ ግማሹ እጃቸው ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ እንደተንጠለጠለ ቀሩ። ድምፁ ቀጠለ፤ «በዓረብኛ ሪህ ንፋስ ነው። ‹ንፋሱ! ንፋሱ!› ነው የሚሉት። በሽታ አይደለም።»

የአራት ወር ማስረጃዬ በአንድ አፍታ ተናደ። ሙሉቀን አፉን በሁለት እጁ ይዞ በሳቅ ሲፈርስ እኔ እንባዬ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ተዋረድኩ ብዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ። እትዬ ዘውዴ በር ላይ ያዙኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ጉንጬን ግራና ቀኝ እያገላበጡ ሳሙኝ፤ ፊታቸው ከእኔ ይልቅ በእንባ ርሷል። «ነገም ነይ» አሉኝ በጆሮዬ፣ «ነገም ነይና ተሳሳቺልኝ፣ የኔ ዓለም።»

እኔም መሳሳቱን ተያያዝኩት። መጀመሪያ እያፈርኩ፣ ቀጥሎ አውቄ፣ የማይመስል ነገር እየተናገርኩ፣ ድምፁ ከመጋረጃው ጀርባ እስኪያርመኝ እጠብቅ ነበር። በዚህ ዓይነት ቀዮ የጠፋ ወንድሟን እንደምትፈልግ አወቅን፤ የከተማው ሹም ብለን የምናከብረው ሰውዬ ጥርስ ነቃይ መሆኑንም አወቅን። ታኅሣሥ ሲገባ መጋረጃው አንድ ስንዝር ያህል ተገለጠ፤ ሰናይት ከጓዳው በር ላይ በርጩማ አድርጋ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ከእኛ ጋር ታይ ጀመር።

ለገና ከተማው በእንግዳ ሞላ። ከየገጠሩ በእግሩ የመጣው ምእመን መንገዱንም ግቢውንም አጥለቅልቆት፣ እትዬ ዘውዴ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍነው ክፍሉን ከሙጃ በኩል ለመጡ ሦስት ቤተሰቦች ለቀቁላቸው። የእንግዳ እግር ማጠብ ወግ ነውና እኔ ውሃ ልቀዳ፣ ልጆቹ ሁሉ ሊያግዙ ወጣን። ሰናይትም ወጣች። ነጠላዋን አደግድጋ ሳፋው ፊት ተንበረከከችና በአቧራ የተሰነጣጠቀውን እግር አንድ በአንድ ታጥብ ጀመር። አንዲት አሮጊት እግራቸውን እያሳጠቡ «ስምሽ ማነው ልጄ?» ሲሏት ቀና ብላ አየቻቸውና «ሰናይት» አለች። አሮጊቷም «ሰናይት፣ እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቋት። ራሷን አቀርቅራ ቀረች፤ እኔ ከማሰሮው ውሃ እያፈሰስኩ ሳለ ትከሻዋን አየሁት፣ ታለቅስ ነበር።

ነገር ለማስቀየር መሰለኝ፣ እኔ የማውቀው ጨዋታ እሱ ብቻ ነበርና «እቴ ሰናይት፣ ላንቺ ጆንያው ማን ይመስልሻል?» አልኳት።

በክንዷ ዓይኗን ጠርጋ አየችኝ። «እኔ አውቄዋለሁ» አለች።

«ማነው? ባለዳቦዋ ናት?»

«አልነግርሽም። እናንተ የምታዩት ከፊት የሚያወራውን ብቻ ነው። ከኋላ ያለውን እዩ።»

ለሙሉቀን ስነግረው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም፤ ከኋላ ያለው ወፍጮ ብቻ ነው፣ ወፍጮ ደግሞ ሌባ አይሆንም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ መጨረሻው መጣ። ሰናይት ከማስታወቂያው ሰምታ «ነገ ያበቃል» ስላለችን፣ በማግስቱ ከሰዓት ክፍሉ ውስጥ መርፌ መጣያ አልነበረም። የሚገርመው አባቴም መጡ። በር ላይ ቆመው «እትዬ ዘውዴ፣ የአጥሩን ነገር ልንነጋገር ነበር» አሉ፤ ስለ አጥሩ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ወንበር ሲሰጣቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ተቀመጡ።

ቀዮ ጆንያውን ወፍጮው ጣሪያ ላይ አባርራ ያዘችው። ሰዉ ተሰበሰበ፤ አያ ወፍጮ አለ፣ ባለዳቦዋም አለች፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመዋል። እኔና ሙሉቀን ተያየን፤ ሁለታችንም ተሸንፈናል። ቀዮ እጇን ዘርግታ ጆንያውን ከራሱ ላይ ገፈፈችው። ከስር አንድ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ጸጉረ ጭራሮ ሰውዬ ወጣ።

አስራ አምስት ልጅ በአንድ አፍ «ይሄ ደግሞ ማነው?!» ብሎ ጮኸ።

ሰናይት ሳቀች። መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ነገር ወጣት፤ ቀጥሎ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወደቀ፣ በርጩማዋ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቋ ሲጋባብን እኛም ሳቅን፣ የምንስቅበትን ሳናውቅ። እትዬ ዘውዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን ብቻ ያዩ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን አላዩትም።

ትንፋሿ ሲመለስ ሰናይት ወደ ምስሉ ጠቆመች። «አደባባዩን የሚጠርገው ነው። ባለፈው ሳምንትም ነበር፣ ከዚያም በፊት ነበር። ከኋላ፣ መጥረጊያ ይዞ። ዱቄቱም ለዚያ ነው፤ የዳቦ ቤቱንም የወፍጮውንም ደጅ የሚጠርገው እሱ ነው።» ሰውዬው ይናገር ነበርና እየሰማች ተረጎመችልን፤ «‹ስንት ዓመት ደጃችሁን ጠረግኩ። ንፋሱ በነፈሰ ቁጥር የጠረግኩትን ይበትንብኛል፤ እናንተ ግን አንድም ቀን ስምህ ማነው ብላችሁኝ አታውቁም› ይላል።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። እኔ ያን ጊዜ የታወሱኝ የገና ዕለቷ አሮጊት ናቸው፤ ለምን እንደታወሱኝ ግን አልገባኝም ነበር።

አባቴ «አንድም ጠራጊው ነው» አሉ ለራሳቸው። «ይህን ማናችንም አላልነውም።» ቀጥለው ወደ ሰናይት ዞረው፣ ለተማሪዎቻቸው በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ልጄ ሰናይት፣ እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ያዩት የራሳቸውን ፊልም ነው። እባክሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ የተባለውን ንገሪያቸው» አሏት።

የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ወቅት ነው። ቴሌቪዥኑ ለጾሙ ተዘጋ፤ ሰናይት ግን በየቀኑ ከሰዓት በእትዬ ዘውዴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ታሪኩን ትነግረን ነበር። እኛ ያላየነውን የመጀመሪያውን ክፍል እሷ ቤሩት፣ ታሳድጋቸው ከነበሩት ልጆች ጋር አይታው ኖሯል። ታሪኩን ስትነግረን አልፎ አልፎ ስለዚያ ቤት ጣል ታደርግ ነበር፤ ስለ ሰባተኛው ፎቅ መስኮት፣ ስለ ባሕሩ፣ አራት ዓመት ሙሉ «ያቺ ልጅ» እንጂ «ሰናይት» ብለው ጠርተዋት ስለማያውቁት ሰዎች። እኛ ቶሎ ወደ ቀዮ እንድትመለስልን እንነዘንዛት ነበር። ፋሲካ ሲመጣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ብቻ ጣል አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ በዓመቱ የአልጋ ቤቱን እንግዳ የምትቀበለው እሷ ሆነች፤ ዛሬም እዚያው ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። እኔና ሙሉቀን ደግሞ ጠራጊው ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለን አዲስ ክርክር ጀመርን፤ እሱ አስጎብኚ ሆኖ፣ እኔ ደሴ አግብቼ፣ እስካሁን በስልክ አልተስማማንም።

አሁን የአስር ዓመት ልጅ አለችኝ። እሷ የምታየው ካርቱን በአማርኛ የተተረጎመ ነው፤ ካልሆነም እንግሊዝኛውን ከእኔ በተሻለ ትሰማዋለች። እውነተኛው ክፉ ማን እንደሆነ በየአገሩ ያለ ልጅ የሚጽፈውን መላ ምት ስልኩ ላይ ታነባለች፤ መጨረሻውንም፣ ካሻት፣ መጨረሻው ሳይደርስ ታውቀዋለች። የእኛን ታሪክ ስነግራት «ሳይገባችሁ ለምን ታዩ ነበር?» አለችኝ። ያ ዘመን ይሻል ነበር ማለት አልፈልግም፤ እሷ የሚባለውን ሁሉ ታውቃለች፣ እኛ በአንድ ቃል አራት ወር ተሳስተናል። ብቻ ያኔ አንድ ነገር ለማወቅ አስራ አምስት ልጅ፣ አንድ መምህርና ከጓዳ የምትወጣ አንዲት ሴት ያስፈልጉን ነበር፤ ልጄ ግን ሶፋው ጥግ ላይ እግሯን አጥፋ ብቻዋን ታያለች።

ትናንት አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩና «ማነው ክፉው?» አልኳት። ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ አንደኛውን ኢርፎን ከጆሮዋ አውጥታ ሰጠችኝ።